አር ኤፍ አይ ዲ በላይብረሪ፦ ለወሎ ምን ይጠቅማል?

አር ኤፍ አይ ዲ መጽሐፍን በሬዲዮ ሞገድ የሚለይ ቴክኖሎጂ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። መጽሐፉ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ የኋላ ሽፋኑ ላይ፣ ታግ የሚሉት ስስ ወረቀት ይለጠፋል። ታጉ ትንሽዬ ቺፕና ቀጭን አንቴና አለው። ባትሪ የለውም። ማንበቢያው ሲጠጋው ከሞገዱ ኃይል ወስዶ የመጽሐፉን ቁጥር ይመልሳል። አብዛኞቹ ላይብረሪዎች በ13.56 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ የሚሠራውን ይጠቀማሉ። አይኤስኦ 28560 የሚባል የላይብረሪ ታግ ዓለም አቀፍ ደረጃም እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል፤ ሻጭ ሲመጣ መጀመሪያ ይሄን ጠይቁት፣ አለበለዚያ ነገ ከሌላ ኩባንያ መሣሪያ ልግዛ ስትሉ ታጉ አልነበብም ይላችኋል።

ባርኮድ መጽሐፉን እያገላበጡ አንድ በአንድ ማስነበብ ይፈልጋል። ታግ ግን ተደራርቦም ይነበባል፤ ተማሪው ራሱ ተውሶ ራሱ ይመልሳል። ሳይመዘገብ የወጣ መጽሐፍ ካለ በሩ ላይ ያለው ማንበቢያ ይጮኻል። ሲንጋፖር ይሄን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው።

ሻጮች ስለ ሌባ ብዙ ያወራሉ። እኔን ግን አያሳምኑኝም፤ ታግ ይላጣል፣ በፎይል ከተጠቀለለም በሩ አያየውም፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ያው ወደ ቦርሳ ፍተሻ ነው። ትልቁ ጥቅም ቆጠራው ላይ ነው። ሠራተኛው የእጅ ማንበቢያ ይዞ በመደርደሪያው ጎን ሲያልፍ የጎደለውም፣ ቦታውን የሳተውም ይታወቃል።

ወሎ ላይ ይሄ ተራ ነገር አይደለም። በ2014ቱ ጦርነት ወሎ ዩኒቨርሲቲም ወልድያ ዩኒቨርሲቲም ዝርፊያና ውድመት ደርሶባቸዋል። እንዲህ ካለ ነገር በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ነበረን፣ ምን ቀረን?» ነው። ታግ ይሄን የሚመልሰው ግን ካታሎጉ፣ ማለትም የመጻሕፍቱ ዝርዝር፣ ከተረፈ ብቻ ነው። ታጉ የያዘው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ የሚያውቀው ኮምፒዩተር ከተወሰደና ሌላ ከተማ የተቀመጠ ቅጂ ከሌለ፣ የተለጠፈው ሁሉ ባዶ ወረቀት ነው። ስለዚህ ከታግ በፊት ካታሎግ። ኮሃን የመሰለ ነጻ የላይብረሪ ሶፍትዌር አለ፤ ለሱ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን መዝግቦ የሚጨርስ ሰው ነው።

ገዳማት ሌላ ጉዳይ ናቸው። ሐይቅ እስጢፋኖስ በአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ ወንጌል አለው። እንዲህ ያለ ብራና ላይ ማጣበቂያ ማስነካት ነውር ነው፤ ከተፈለገ ታጉ ማኅደሩ ላይ ይንጠልጠል። ብረት ሳጥን ውስጥ ከተቆለፈ ደግሞ ብረቱ ሞገዱን ስለሚያግድ አይነበብም።

በውጭ አገር፣ ለምሳሌ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ማን ምን እንዳነበበ ይታወቅብናል የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። አንዱ ጥንቃቄ ታጉ ላይ የአንባቢን ስም አለመጻፍ ነው።

ጥቂት መቶ መጻሕፍት ብቻ ላለው የወረዳ ትምህርት ቤት ግን ይሄ ሁሉ ወጪ ትርፍ ነው፤ በዚያ ብር አዲስ መጽሐፍ ይገዛበት፣ ውሰቱም እንደ ድሮው በመዝገብ ይያዝ።