ፓራብሬዛ በኮምፒውተር ውስጥ እንዴት ይሰበራል?

ፓራብሬዛ አንድ ወጥ መስታወት አይደለም። በአብዛኛው እያንዳንዳቸው 2 ሚሊሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት መስታወቶች ናቸው። በመሃላቸው ፒቪቢ የሚባል፣ 0.76 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላስቲክ መሰል ፕላስቲክ ይጣበቃል። ሐሳቡን ያመጣው ፈረንሳዊው ኤድዋር ቤኔዲክቱስ ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1909 እ.ኤ.አ. ነው። ፒቪቢ የመጣው በኋላ፣ በ1930ዎቹ ነው።

የዚህን መስታወት አሰባበር በኮምፒውተር ማስላት ካስፈለገባቸው ምክንያቶች ትልቁ እግረኛ ነው። መኪና ሰው ሲገጭ ጭንቅላቱ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። የመኪናዎችን ደህንነት በሚፈትነው የአውሮፓ ድርጅት በዩሮ ኤንካፕ ፈተና 4.5 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሠራሽ የአዋቂ ጭንቅላት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይወረወርበታል። አምራቾች ታዲያ ውጤቱን መኪናው ሳይሠራ ማወቅ ይፈልጋሉ።

ስሌቱ በአብዛኛው ፋይናይት ኤለመንት በሚባለው ዘዴ ነው የሚሠራው። መስታወቱ ኤለመንት በሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች መረብ ይከፋፈላል፤ ኤልኤስ-ዳይናን የመሰለ ሶፍትዌር እያንዳንዱን ያሰላል። የምቱ ሞገድ መስታወት ውስጥ በሰከንድ ከ5,000 ሜትር በላይ ይሮጣል። ስለዚህ ኤለመንቱ 5 ሚሊሜትር ከሆነ ስሌቱ በየአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ መደገም አለበት።

እስከዚህ ችግር የለም። ጣጣው የሚመጣው ከስንጥቅ ጋር ነው። የተለመደው መላ፣ ጭነት የበዛበትን ኤለመንት ከስሌቱ ማጥፋት ነው። መላው ግን ሻካራ ነው። እውነተኛ ስንጥቅ በዓይን ለማየት ያስቸግራል፤ የጠፋው ኤለመንት ግን ሚሊሜትሮች የሚሰፋ ቀዳዳ ይተዋል። የተሰነጠቀ መስታወት ሲጎተት ቢለያይም ሲጫኑት አሁንም ይሸከማል፤ የጠፋ ኤለመንት ምንም አይሸከም። ይባስ ብሎ ስንጥቁ የመረቡን መስመር ይከተላል። በእውነተኛው መስታወት ላይ የምናየው የሸረሪት ድር ሲጠበቅ፣ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ቀጥ ያሉ መስመሮች ይመጣሉ። በ2000 እ.ኤ.አ. ስቱዋርት ሲሊንግ ያቀረበው ፔሪዳይናሚክስ የተባለ ሌላ የስሌት ዘዴ ስንጥቅ ራሱ መንገዱን እንዲመርጥ ያስችላል፤ ዋጋው ከባድ ስሌት ነው።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚከብደው መቼ ይሰነጠቃል የሚለው ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሪፊዝ በ1921 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው የመስታወትን ጥንካሬ የሚወስኑት ጥቃቅን እንከኖች ናቸው። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ፓራብሬዛዎች እንኳ እኩል ምት አይችሉም። ይህ ደግሞ ጭንቅላቱን ይነካዋል። መስታወቱ ሳይሰነጠቅ የጭንቅላቱ ፍጥንጥነት ሽቅብ ይወጣል፤ ሲሰነጠቅ ዱብ ይላል። ከዚያ በኋላ ምቱን እየተለጠጠ የሚቀበለው ፒቪቢው ነው። ስንጥቁ ትንሽ ከዘገየ የጉዳቱ መለኪያ ኤችአይሲ ይቀየራል። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች የዋይቡል ስርጭት የሚባለውን የስታቲስቲክስ ቀመር ተጠቅመው ለኤለመንቶቹ የተለያየ ጥንካሬ በዕጣ ያድላሉ። ያንኑ ግጭት ደጋግመው ያስሉና ኤችአይሲ እንደ አደገኛ ወሰን ከሚወሰደው 1,000 የማለፍ ዕድሉ ስንት እንደሆነ ያወጣሉ።