በነርስ የሚመራ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክትትል በአዳማ

አዳማ የጅቡቲ መስመር የሚያልፍባት፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የፍጥነት መንገድም የሚያበቃባት ከተማ ናት። የመኪና፣ የባጃጅና የሞተር ሳይክል አደጋ ጉዳተኛ ለአጥንት ክፍሎቿ እንግዳ አይደለም። ቀድሞ ኃይለማርያም ማሞ ይባል ወደነበረው የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ከምሥራቅ ሸዋና ከአርሲ ጭምር ሕሙማን ይላካሉ። ኦፕራሲዮኑን የሚወስነውና የሚሠራው ሐኪሙ ነው፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉት ረጃጅም ሰዓታት ግን በነርሷ እጅ ናቸው።

ክትትሉ ከድንገተኛ ክፍል ይጀምራል። ቀለበትና ሰዓት እብጠቱ ሳይብስ ይወልቃሉ። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ ቁስሉ በጨው ውሃ በራሰ ንጹሕ ጋውዝ ይሸፈናል፤ አንቲባዮቲክ በ1 ሰዓት ውስጥ ይጀመራል፤ የቴታነስ ክትባት ይታያል። ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው ከሆነ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታል። ቁጣ እዚህ ላይ አይጠቅምም፤ የተቆጡት ሰው ስንት ቀን ታስሮ እንደቆየ ይደብቃል።

ከቀዶ ሕክምና በፊት ከምግብ 6 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት መከልከል ያስፈልጋል። ተራ የሚያሰርዘው ብዙ ጊዜ ፔርሙስ ነው። አስታማሚው በማለዳ አጥሚት ይዞ ይመጣል፤ «በልቷል?» ሲባል በቅንነት «ምንም አልቀመሰም» ይላል፤ አጥሚት ለእሱ መጠጥ እንጂ ምግብ አይደለማ። አጥሚትም ወተት ያለበት ሻይም እንደ ምግብ ስለሚቆጠሩ ጥያቄው «ምን ጠጣ?» መሆን አለበት፤ እንደ ሰውየው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ። የመከላከያ አንቲባዮቲኩ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ መሰጠት ስላለበት፣ ተራው የሚጓተት ከሆነ ዋርድ ላይ ከመስጠት ከሕሙሙ ጋር ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል መላክ ይሻላል።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ትልቁ ሥራ ጣት ማየት ነው። በመጀመሪያው ቀን በየሰዓቱ ጥፍሩ ተጫን ተደርጎ ሲለቀቅ ቀለሙ በ2 ሰከንድ መመለስ አለበት፤ ሙቀቱ፣ ስሜቱና እንቅስቃሴውም ይመዘገባል። የሚያስፈራው በእብጠት ምክንያት የጡንቻ ክፍል ግፊት ጨምሮ ደም ወደ ጡንቻው በደንብ እንዳይደርስ ሲያደርግ ነው። ምልክቱ ማስታገሻ ተሰጥቶት እንኳ የሚብስ ሕመም፣ በተለይም ነርሷ ጣቱን ቀስ ብላ ስታጥፍና ስትዘረጋ የሚያስጮህ ሕመም ነው። ጣቱ ሞቃት ነው፣ የደም ሥሩም ይመታል ተብሎ መዘናጋት አይገባም፤ እነዚህ የሚጠፉት ዘግይተው ነው። ጀሶው ከነጥጡና ከነፋሻው እስከ ቆዳው ድረስ ይሰነጠቃል፣ እግሩ ከልብ ትይዩ ይደረጋል፣ ሐኪም ይጠራል። ወደ 6 ሰዓት ከቆየ ጡንቻው ላይመለስ ይችላል። ሌላ የማስታገሻ መርፌ ወግቶ ማስተኛት እዚህ ላይ ጉዳት ነው፤ ይህም የሚሆነው በአብዛኛው ሌሊት፣ ተረኛ ሲቀያየር ነው።

በቆዳ ትራክሽን ላይ፣ ማለትም እግሩ ቆዳው ላይ በታሰረ ፋሻና በተንጠለጠለ ክብደት እየተሳበ ላለ አዋቂ፣ የሚንጠለጠለው ክብደት ከ5 ኪሎ አይበልጥም፤ መሬት ወይም የአልጋ ብረት ከነካ ግን መሳቡን ያቆማል። የአልጋ ቁስልን ለመከላከል በየ2 ሰዓቱ ጎን ማስለወጥ፣ ትራክሽን ላይ ላለው ደግሞ መቀመጫውን ማስነሣትና ተረከዙን ከፍራሽ ማላቀቅ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ከፈቀደ በማግስቱ መነሣት የደም መርጋትን ይቀንሳል። የክራንቹ ጫፍ ከብብት 2 ወይም 3 ጣት ዝቅ ይላል፤ ክብደት የሚያርፈው በእጅ ላይ ነው፣ በብብት የተንጠለጠለ ሰው እጁ ይደነዝዛል።

ስፌት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈታል፤ ከሩቅ የመጣው ደብዳቤ ይዞ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ሊያስፈታ ይችላል። በአዳማ ሙቀት ጀሶ ያሳክካል። በእስክሪብቶ ወይም በሹራብ መሥሪያ የሚታከክ አለ፤ ውስጥ የተፈጠረው ጭረት እስኪሸት ድረስ አይታይም።