«ብሩድ»፦ ከታቀፈች ዶሮ የተነሳው የእንግሊዝኛ ቃል

እንግሊዝኛ ውስጥ «ብሩድ» የሚባል ቃል አለ። ስም ሲሆን ዶሮ በአንድ ጊዜ የፈለፈለቻቸው ጫጩቶች ማለት ነው። ግስ ሲሆን እንቁላል መታቀፍ። ከሱ የወጣው «ብሩዲ» ደግሞ መታቀፍ ያማራትን ዶሮ ይገልጻል። የቃሉ ታሪክ በአማርኛ አንድ ላይ ተጽፎ ስላላገኘሁት፣ የሰበሰብኩትን እነሆ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከዶሮዋ እንጀምር። ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ሲጨምርባት እንቁላል መጣል ታቆማለች። ላባዋን ነፍታ ጎጆዋ ላይ ትደፋለች፣ እጅ ሲጠጋት ትነቁራለች፣ ድምጿም ይለወጣል። በቀን አንዴ ለአጭር ጊዜ ወጥታ ጥሬ ለቅማ፣ ውሃ ጠጥታ ትመለሳለች። እንዲህ እያለች 21 ቀን ትዘልቃለች። የእኛ የሀበሻ ዶሮ በዚህ የታወቀች ናት። ነጭ ሌግሆርን የምትባለው የፈረንጅ ዶሮ ግን ለእንቁላል ብዛት ስትመረጥ ኖራ ይህ ጠባይ ጠፍቶባታል ማለት ይቻላል።

ቃሉ በብሉይ እንግሊዝኛም ነበር። ማራባት የሚል ትርጉም ያለው «ብሪድ» ዘመዱ ነው፤ የሁለቱም የጥንት ሥር ከሙቀት ጋር ሳይያያዝ አይቀርም ይባላል።

መረጃው የሚበዛው ከ1600 ወዲህ ነው። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ሉቃስ 13፥34 ላይ፣ ጌታ ለኢየሩሳሌም ስለ ዶሮዋና ስለ ክንፎቿ ሲናገር፣ ለጫጩቶቹ የገባው ቃል «ብሩድ» ነው። ያው ንግግር ማቴዎስ 23፥37 ላይ ሲመጣ ግን ተርጓሚዎቹ ተራውን የጫጩት ስም ነው የተጠቀሙት።

ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ 1600 አካባቢ፣ ሼክስፒር ሃምሌትን ጽፏል። በ3ኛው ገቢር መጀመሪያ ላይ ንጉሥ ክላውዲየስ ተደብቆ የወንድሙን ልጅ ሲያዳምጥ ቆይቶ ይወጣል። የልጁ ነፍስ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፣ ሐዘኑ ተቀምጦ ታቅፎታል፣ ሲፈለፈል አደጋ ይዞ እንዳይመጣ እፈራለሁ ይላል። እዚህ ጋ ልብ በሉ። መታቀፉም መፈልፈሉም አለ፣ ወሬው ግን ስለ ሰው ሐሳብ ነው። ሼክስፒር በዚህ የመጀመሪያው አይደለም፤ ነገሩን እንዲህ አጥርቶ ያሳየ ግን ያለ አይመስለኝም። ዛሬ አንድ ሰው «ብሩድ ያደርጋል» ሲባል ነገር ያብሰለስላል፣ ይተክዛል ማለት ነው፤ ዶሮዋንም የሚያስታውስ የለም።

እንግሊዛዊው ገጣሚ ሚልተን በ1667 ባሳተመው ትልቅ ግጥሙ ደግሞ መንፈስ ቅዱስ በፍጥረት መጀመሪያ እንደ ርግብ በጥልቁ ላይ ታቅፎ ተቀምጦ ነበር ይላል። ትካዜ የለበትም፣ ሕይወት መስጠት ነው። ለእኔ ቃሉ ከዚህ በላይ ከፍ ያለበት ቦታ የለም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን «ብሩዲ» ልጅ የመውለድ ጉጉት ላደረባት ሴት መባል ጀመረ። በዚህ ትርጉሙ የብሪታንያ ቃል ነው። አሜሪካ ውስጥ ይበልጥ የሚባለው ለተከዘና ለዝምተኛ ሰው ነው። ከዶሮ ጋር ማመሳሰል ነው ብለው የማይወዱትም አሉ።

አሜሪካኖች ለነፍሳትም ይጠቀሙበታል። 13 ወይም 17 ዓመት መሬት ሥር ኖረው በአንድ ወቅት የሚወጡትን ሲካዳ የሚባሉ ጯሂ በራሪ ነፍሳት በትውልድ ከፍለው እያንዳንዱን «ብሩድ» ይሉታል፤ በሮማን ቁጥር መለየቱ የመጣው ከተመራማሪው ቻርልስ ማርላት፣ በ1898 ነው። አሥረኛው በ2021 ሲወጣ ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ወገኖቻችን ጩኸቱን ሳይሰሙ አልቀሩም። ተመልሶ የሚመጣው በ2038 ነው።

እኛ አገር ቃሉ የገባው በዶሮ እርባታ በኩል ነው። «ብሩደር» ማለት እናት የሌላቸው ጫጩቶች የሚሞቁበት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፣ ከዚያ በየሳምንቱ ይቀንሳል። መብራት ለሌለበት ገጠር ደግሞ የሳር ሳጥን ብሩደር አለ፤ ግድግዳው በደረቅ ሳር ይጠቀጠቅና ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት ያድራሉ።