ጥሩው ገንዘብ የት ገባ? የግሬሻም ሕግና የምንስታቸው ነገሮች

«መጥፎ ገንዘብ ጥሩውን ያባርራል።» የግሬሻም ሕግ የሚባለው ይኸው ነው። አጭር ስለሆነ ሁሉም ይጠቅሰዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያለ ቦታው።

«መጥፎ ገንዘብ ማለት ፎርጅድ ነው»

አይደለም። መጥፎውም ጥሩውም ሕጋዊ ናቸው፤ በአዋጅ ዋጋቸው እኩል ሆኖ መጥፎው ውስጥ ያለው ማዕድን ግን ያነሰ ዋጋ አለው። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከ1544 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የብር ሳንቲሙን በመዳብ በረዘው። በመጨረሻ ሁለት ሦስተኛው መዳብ ሆነ። የላዩ ብር ሲፋቅ በሳንቲሙ ላይ ያለው የንጉሡ አፍንጫ ይቀላ ነበር። ሕዝቡም «መዳብ አፍንጫ» አለው። ሳንቲሙን ግን ያወጣው ራሱ መንግሥት ነው።

«ያገኘው ግሬሻም ነው»

ነጋዴው ቶማስ ግሬሻም ለንግሥት ኤልሳቤጥ የጻፈው በ1558 ነው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኮፐርኒከስ ከሱ ቀድሞ ጽፎታል። የግሬሻም ስም የተሰጠው ደግሞ በ19ኛው መቶ ዘመን ነው።

«ጥሩው ገንዘብ ይጠፋል»

ይደበቃል እንጂ የትም አይጠፋም። አሜሪካ 90 በመቶ ብር የነበረውን ኳርተር በ1965 በመዳብና በኒኬል ተካችው። የሁለቱም ዋጋ 25 ሳንቲም ነው። ሁለቱም ኪስህ ውስጥ ቢኖሩ ለዳቦ የቱን ትከፍላለህ? ሰው ሁሉ እንዳንተ አሰበና የብሩ ኳርተር ወደ መሳቢያና ወደ ማቅለጫ ሄደ። አሜሪካ ያለህ አንባቢ፣ የ1964 ወይም ከዚያ በፊት የወጣ ኳርተር ካገኘህ ጠርዙን እየው። የመዳብ መስመር የለውም።

«መጥፎው ሁሌም ያሸንፋል»

እኔን በጣም የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው። ሕጉ የሚሠራው መንግሥት «ሁለቱን በእኩል ዋጋ ተቀበሉ» ብሎ ሲያስገድድና ማስገደድም ሲችል ብቻ ነው። ሻጩ መምረጥ ከቻለ ነገሩ ይገለበጣል። ዚምባብዌ በ2009 መጀመሪያ የራሷን የ100 ትሪሊዮን ዶላር ኖት አወጣች። ነጋዴው ግን የአሜሪካ ዶላርና የደቡብ አፍሪካ ራንድ ካልሆነ አልሸጥም አለ። የተባረረው መጥፎው ነበር።

እኛም አገር ታይቷል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የወረቀት ሊሬ ይዞ መጣ። ገበሬው ግን 1780 የሚል የተጻፈበትን፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበትን ጠገራ ብር ነበር የሚፈልገው። ሊሬውን በአዋጅ ተፈላጊ ማድረግ አልተቻለም።

ጥሩነት ደግሞ በማዕድኑ ብቻ አይለካም። አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ፓሪስ ያስመቱት ብር በክብደትም በጥራትም ከጠገራው የሚተናነስ አልነበረም። በየገበያው ግን ሰው የለመደውን የሴትዮዋን ምስል እያየ ነበር የሚቀበለው።