ጀማሪ ነርሶችን በምናባዊ እውነታ ማሠልጠን

በምናባዊ እውነታ፣ በተለምዶ አጠራሩ በቪአር፣ የሚሰጥ የነርሶች ሥልጠና አዲስ ተመራቂዎች ታካሚ ብቻቸውን ከመረከባቸው በፊት ዓይንን በሚሸፍን መነጽር በሚታያቸው ዋርድ ውስጥ የሚለማመዱበት ዘዴ ነው። ከሕያው ታካሚ በፊት በአምሳያ መለማመድ በአሜሪካ የቆየ ታሪክ አለው፤ በኮኔቲከት የሚገኘው የሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛ «ሚስስ ቼዝ» በተባለች ቁመተ ሙሉ አሻንጉሊት መጠቀም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ከኮምፒውተር ጋር በሽቦ መያያዝ የማያስፈልገው ኦኩለስ ኩዌስት የተባለ የቪአር መነጽር በ2019 ለገበያ ሲቀርብ ደግሞ፣ እንዲህ ያለውን ልምምድ በአንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ማካሄድ ቀላል ሆነ።

የዘዴው ጥቅም ጎልቶ የሚታየው እየባሰበት የሚሄድን ታካሚ በጊዜ ለይቶ በማወቅ ላይ ነው። አንዲት ተማሪ በልምምድ ወቅቷ ሴፕሲስ (ሰውነት ለኢንፌክሽን በሚሰጠው ምላሽ የራሱን አካላት የሚጎዳበት አደገኛ ሁኔታ) የያዘው ታካሚ ላይገጥማት ይችላል፤ ቢገጥማትም ውሳኔው ልምድ ባላት ነርስ እጅ ነው፤ መሆንም ያለበት እንደዚያው ነው። በመነጽሩ ውስጥ ግን ተረኛዋ እሷ ናት። ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ሁለት ቀን የሆነው ሰው ንግግሩ መዘባረቅ ይጀምራል፤ ትንፋሹ በደቂቃ ከ22 ያልፋል፤ የላይኛው የደም ግፊቱ ከ100 በታች ይወርዳል። ምልክቶቹን አገናኝታ ሐኪም መጥራት፣ የታካሚውን ሁኔታ፣ የኋላ ታሪኩን፣ የራሷን ግምገማና የምትጠይቀውን ነገር በቅደም ተከተል ማስረዳት፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊትም ለካልቸር (በደም ውስጥ ያለውን ጀርም አሳድጎ ለመለየት ለሚደረግ ምርመራ) የሚሆን ደም መወሰዱን ማረጋገጥ ይጠበቅባታል። ብትዘገይ ታካሚው እየደከመ ሲሄድ ታያለች፤ ሆኖም የተጎዳ ሰው ስለሌለ ልምምዱን ከመጀመሪያው ልትደግመው ትችላለች።

የደም ሥር ፈልጎ ካኑላ (መድኃኒትና ፈሳሽ የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) ማስገባት ወይም አቅም ያጣ ታካሚን አልጋ ላይ ማገላበጥ ግን በዚህ መንገድ አይለመድም። በእጅ የሚያዘው መቆጣጠሪያ የቆዳንም ሆነ የክብደትን ትክክለኛ ስሜት አይሰጥም፤ ስለዚህ የማኒኪን (የሰው አምሳያ አሻንጉሊት) መለማመጃ ክፍሎችን ዘግቶ ሁሉንም ነገር ወደ መነጽር ማዛወር ጉዳቱ ያመዝናል።

የአሜሪካ የግዛት ነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት በ2014 ይፋ ያደረገው ጥናት፣ ሲሙሌሽን (በአምሳያ የሚደረግ ልምምድ) በሕያው ታካሚዎች ዘንድ የሚደረገውን የክሊኒካል ልምምድ እስከ ግማሽ ድረስ ቢተካ የተማሪዎቹ ውጤት እንደማይቀንስ አሳይቷል። ጥናቱ ስለ ዛሬው መነጽር ባይሆንም ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ እዚህም ይሠራል፤ አሠልጣኞቹ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ሊሆኑ፣ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላም ነርሷ ምን እንዳየችና ለምን እንደዚያ እንደወሰነች የምታስረዳበት ውይይት ሊኖር ይገባል። መነጽሩ ራስ የሚያዞርባቸውም ተቀምጠው እንዲለማመዱ ወይም ተመሳሳዩን ልምምድ በኮምፒውተር ስክሪን እንዲሠሩ ሊፈቀድላቸው ይገባል።