«ጠባሳ ከሆነማ ድኗል» ለምትሉኝ

ባሕር ዳር ውስጥ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ለታማሚ «ልብዎ ላይ ጠባሳ አለ» ባልሁ ቁጥር አብሮ የመጣው ዘመድ ፊቱ ይፈካና «ተመስገን! ጠባሳ ከሆነማ ቁስሉ ድኗል» ይላል። ከዚያ በኋላ ስለ መድኃኒት የምናገረውን የሚሰማኝ የለም።

የማወራው በዘር ስለሚተላለፍ፣ ብግነትና ጠባሳ ስለሚያመጣ የልብ ጡንቻ በሽታ ነው። ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። «የዘር ቢሆን ኖሮ ሲወለድ ይታይ ነበር» ለሚሉ፦ የልብ ጡንቻ የዘር በሽታ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በጉርምስና ወይም ከዚያ በኋላ ነው። «ብግነት ካለ አንቲባዮቲክ ይታዘዝልኝ» ለሚሉ ደግሞ፦ ብግነት የሰውነት መቆጣት ነው፤ ያለ ጀርምም ይመጣል፤ ከፋርማሲ የተገዛ አሞክሳሲሊን እንዲህ ያለውን አያበርደውም። «የልብ በሽታ ሁሉ ከቶንሲል ነው» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። በቶንሲል የሚጀምረው በዋናነት ቫልቭ (የልብ በር) የሚያበላሸው በሽታ ነው፤ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚሰጠው ለእርሱ ነው። እኔ የማወራው ስለ ጡንቻው ነው።

አሁን ወደ ጠባሳው። ቆዳ ሲቆረጥ ይተካል። የልብ ጡንቻ ሕዋስ ግን በወጣት ሰው እንኳ በዓመት ከ100 አንዱ ያህል ብቻ ነው የሚታደሰው። የሞተው ቦታ በጠባሳ፣ አንዳንዴም በስብ ይሞላል። ይህ ጠባሳና ስብ አይኮማተርም፤ ልብን የሚያስመታውን ኤሌክትሪክም አያሳልፍም። እምቦጭ በወረረው የጣና ዳርቻ ጀልባ የነዳ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ቀጥ ብሎ መሄድ የለም፣ በጠባቧ ክፍተት እየተሹለከለኩ መዞር ነው። ኤሌክትሪኩም እንዲሁ ጠባሳውን በዝግታ ይዞራል፤ ዞሮ ሲመለስ ፊት ያለፈበትን ጡንቻ ዳግም ዝግጁ ሆኖ ካገኘው እዚያው ይሽከረከራል። ያኔ ልብ ደም መግፋት እስኪያቅተው ይርበተበታል። ሰፈሩ «ደህናው ልጅ ሜዳ ላይ ቀረ፣ መተት ነው» የሚለው ይህን ነው።

ብግነቱስ ከየት መጣ? በአንዱ የበሽታው ዓይነት ጉድለቱ ያለው የጡንቻ ሕዋሳትን እርስ በርስ በሚያስተሳስሩ ፕሮቲኖች ላይ ነው። የደንገል ታንኳ ማሰሪያው ሲላላ ማዕበል እንደሚበታትነው፣ ሕዋሳቱም በከባድ ሩጫ እየተጎተቱ ይላቀቃሉ፤ ይሞታሉም። የሞተውን ለመጥረግ ብግነት ይመጣል፤ ብግነቱ ጤነኛውንም ይጎዳል፤ ጠባሳ የሚሠሩ ሕዋሳትንም ይቀሰቅሳል። አንዳንዴ በድንገት ይጋጋልና የደረት ሕመም ያመጣል፤ በደም ምርመራ ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን) ይጨምራል፤ ቫይረስ ካመጣው የልብ ብግነት ጋር ፍጹም ይመሳሰላል።

እኔም ተሳስቼበታለሁ። አንድ የ23 ዓመት ብስክሌተኛ ሁለት ጊዜ በደረት ሕመም ተኛ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ቫይረስ ነው» ብዬ አስወጣሁት። በሦስተኛው እናቱ፣ ሳልጠይቃቸው፣ ወንድማቸው በ30 ዓመቱ ኳስ ሲጫወት ወድቆ እንደቀረ ነገሩኝ። አዲስ አበባ ልኬው በኤምአርአይ ጠባሳው ታየ። ልጁም ያችኑ «ጠባሳ ከሆነማ ድኗል» ደገመልኝና ወደ ልምምዱ ተመለሰ! ከውድድር ለማስቆም አራት ወር ፈጀብኝ።

ስለዚህ በቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ ሐኪም ባይጠይቃችሁም ንገሩ። በሽታው የተገኘበት ሰው ወላጆች፣ ወንድምና እኅቶች፣ ልጆችም ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) እና የልብ አልትራሳውንድ ይነሡ፤ በአብዛኞቹ ዓይነቶች በሽታውን የሚያመጣው ዘረመል ከወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የማለፍ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። አንድ ጊዜ «ደህና ነው» መባል ለዘለዓለም አይሆንም፤ በየጥቂት ዓመቱ ይደገማል። ጸበልም ብትሄዱ ሂዱ፤ ክኒኑን ግን ይዛችሁ።

የብስክሌተኛውን እናት «ሌሎች ስንት ልጆች አሉዎት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። አራት አሉ። ሦስቱ መጥተው ታይተዋል። አራተኛው ዘጌ ነው፤ «እኔ ምንም አላመመኝም» ብሎ ልኮብኛል።