አናኤሮቢክ ደፍ በአረጋውያን ላይ እንዴት ይለካል

ብስክሌት የሚነዳ ሰው ጭነቱ ቀስ በቀስ ሲጨመርበት፣ ጡንቻው የሚያመነጨው ላክቴት በደም ውስጥ መከማቸት የሚጀምርበት ነጥብ አለ፤ አናኤሮቢክ ደፍ ይባላል። አብሮ የሚመጣውን አሲድ ባይካርቦኔት ሲያመክነው ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ፣ ደም ሳይቀዳ ከትንፋሽ ብቻ ደፉን ማንበብ ይቻላል። ካርልማን ዋሰርማንና ማልኮም ማክኢልሮይ እ.ኤ.አ. በ1964 ዘዴውን ያቀረቡት ለልብ ሕሙማን ነበር።

ለአረጋውያን የሚስማማበት ዋና ምክንያት እስከ መጨረሻው አቅም መድረስን አለመጠየቁ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ልቡና ሳንባው ሳይፈተኑ ፔዳሉን ሊያቆም ይችላል፤ ደፉ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት ይታያል። በሜልቦርን ፖል ኦልደርና ባልደረቦቹ ከባድ የሆድ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃቸውን 187 አረጋውያን ፈትነው ውጤቱን በ1993 አሳትመዋል። ደፋቸው ላይ የሚጠቀሙት ኦክስጅን በደቂቃ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ11 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነው 18 በመቶ በልብና በደም ሥር ችግር ሲሞቱ፣ ከዚያ በላይ ከሆነው በዚሁ ምክንያት የሞቱት 0.8 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ዝነኛ ቢሆንም የአንድ ጊዜና የአንድ ቦታ ውጤት ስለሆነ ብቻውን ቀዶ ሕክምና መከልከያ ሊሆን አይገባም።

ከምርመራው በፊት የአየር መጠን መለኪያው በ3 ሊትር ሲሪንጅ፣ የጋዝ መለኪያው ደግሞ በክፍሉ አየርና ይዘቱ በታወቀ የሲሊንደር ጋዝ ይስተካከላል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በትክክል ካልገባ ስሌቱ በሙሉ ይዛባል። ከዚያ 3 ደቂቃ እረፍት፣ 3 ደቂቃ ያለ ጭነት ፔዳል መምታት፣ ቀጥሎ ጭነት መጨመር፤ ፍጥነቱ በደቂቃ 60 ዙር ያህል ነው።

ብዙ ምርመራ የሚበላሸው በጭነቱ አጨማመር ነው። የሚጨመርበት ጊዜ ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ቢሆን ይመረጣል። ለምሳሌ 75 ዓመቷ፣ ቁመቷ 158 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 60 ኪሎ የሆነች እናት ያለ ጭነት የምትጠቀመው ኦክስጅን 150 ሲደመር 6 ጊዜ 60፣ ማለትም በደቂቃ 510 ሚሊ ሊትር ነው። ከፍተኛው፣ ከቁመቷ ዕድሜዋ ተቀንሶ በ14 ሲባዛ፣ 1,162 ይሆናል (ለወንድ የሚባዛው በ20 ነው)። ልዩነቱ ለ100 ሲካፈል በደቂቃ 6.5 ዋት ገደማ ይሰጣል። ለወጣት እንደተለመደው በደቂቃ 15 ዋት ቢጨመርባት ከ4 ደቂቃ ብዙም ሳትርቅ ታቆማለች፤ ደፉን የሚያሳይ በቂ ነጥብም አይገኝም።

ንባቡ የሚጀምረው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከኦክስጅን አንጻር በሚያሳየው ሥዕል ነው፦ መስመሩ ከ1 በታች ከነበረ ተዳፋት ከ1 በላይ ወደሆነ የሚታጠፍበት ቦታ ይፈለጋል። እዚያው ላይ ለአንድ ሊትር ኦክስጅን የሚተነፈሰው አየር መጨመር፣ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚተነፈሰው ግን ገና አለመጨመር አለበት። ማስኩ ፊቱ ላይ ሲደረግ የደነገጠ ሰው ገና ሲጀምር አብዝቶ ከተነፈሰ ሐሰተኛ እጥፋት ይፈጠራል፤ ስለዚህ እስኪረጋጋ ጭነት አይጨመርም። ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲወልቅ ጉንጩ ስለሚጎደጉድ ማስኩ አየር ያሾልካል፤ ጥርሱ ባይወልቅ ይሻላል። ሳንባው በጣም በተጎዳ ሰው ትንፋሹ እንደሚገባው ስለማይጨምር ሁለተኛው ምልክት ላይታይ ይችላል፤ የመስመሩ እጥፋት ግን ሊነበብ ይችላል።

የደረት ሕመም፣ የኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምልክት) ለውጥ ወይም ከ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ የላይኛው ግፊት መውረድ ከታየ ደፉ ባይገኝም ምርመራው ይቆማል። ሁለት አንባቢዎች ለየብቻ አይተው ካልተስማሙ «ደፉ አልተለየም» ብሎ መጻፍ ማሽኑ በራሱ የመረጠውን ቁጥር ከመቀበል ይሻላል።